ዓውደ ዓመት በየአገሩ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ተዘርግቶ የሚሸጠው የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ የሥራውን ዕለት በጥቁር፣ መንግሥት ያወጀውን በዓል በቀይ ቀለም ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ለተመለከተው ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን ሥራ ፈትቶ በአንድ ቀን ወደ ሥራው የሚመለስ ይመስላል። ከከተማው ወጥቶ በአንዱ አውራጃ ዓመት የከረመ ሰው ግን ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን የሚያሳርፍበት፣ እናት ለልጆችዋ አዲስ ልብስ የምታለብስበት፣ በሩቅ አገር የሚነግደው ወንድም ወደ ትውልድ ቀዬው የሚገሠግሥበት ቀን ከዚያ ቀይ ቀለም ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም ያውቃል። ለጉራጌው የዓመቱ ራስ መስቀል ነው፤ ለወላይታው ጊፋታ፣ ለሲዳማው ፍቼ ጫምባላላ፣ ለሐረሩ ሰው ሹዋሊድ፣ ለዋግና ለላስታ ልጃገረድ ደግሞ ሻደይና አሸንድዬ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላወሳው የፈለግሁት ይህ ልዩነት እንዴት እንደ ኖረና፣ የመንግሥቱ የበዓል መዝገብ ሕዝቡ ሲያከብር የቆየውን በየዘመኑ እንዴት እየዘገየ እንደ ተከተለው ነው፤ በእኔ እምነት በዓልን የሚያቆመው ዐዋጁ ሳይሆን በዚያ ቀን ሥራውን ትቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ከቤቱ የሚወጣው ሕዝብ ነውና።

የአቈጣጠሩ መሠረት የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ መሆኑ የታወቀ ነው። ሊቃውንቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጡት ይህ ሐሳበ ዘመን በአበቅቴና በመጥቅዕ እየተመራ የጾመ ነነዌንና የትንሣኤን ዕለት ሲያወጣ፣ ዓመታቱን ደግሞ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራቸዋል፤ ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜን 6 ስለምትሆንም በሚከተለው በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 ይመለሳል። በዚህ ሥርዓት ቅዱስ ዮሐንስ፣ መስቀል፣ ልደት፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና ትንሣኤ በደጋም በቈላም ለሚኖረው ክርስቲያን ሁሉ በአንድ ዕለት ይውላሉ። ዕለቱ አንድ ቢሆንም አከባበሩ ግን በየአገሩ ይለያያል፤ ከዚህም በላይ፣ በጥንት ዘመን በዕለቱ ስንኳ መስማማት ያልተቻለበት ጊዜ ነበረ።

ይኸውም የሰንበት ክርክር ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር ብለው ሲያስተምሩ፣ ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳትና እነርሱን የሚከተሉት ገዳማት ይህ የአይሁድ ልማድ ነው ብለው አጥብቀው ይቃወሟቸው ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከአገራቸው ወጥተው በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ልጆቻቸው ግን ከመረብ ማዶ እንደ ደብረ ቢዘን ያሉ ገዳማትን ተክለው፣ ክህነት ቢከለከሉም፣ ቢሰደዱም፣ ሥርዓታቸውን አጸኑ። በአንድ ንጉሥ ግዛት፣ በአንዲት ሃይማኖት ውስጥ፣ ቅዳሜ በአንዱ አገር የእርሻና የገበያ፣ በሌላው አገር የዕረፍትና የጸሎት ቀን ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። ዐፄ ዳዊት በ1396 ዓ.ም. ገደማ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ደግሞ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበታት በመንግሥቱ ሁሉ እንዲከበሩ አስወሰኑ። ይህን ጉባኤ ብዙዎች የሚያነሡት ስለ ሃይማኖቱ ክርክር ነው፤ እኔ ግን ከምንም ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ በዳር አገር የሚኖሩ፣ ለረዥም ዘመን እንደ ዐመፀኞች ሲቈጠሩ የነበሩ መነኰሳት ያከብሩት የነበረው ቀን የመላው መንግሥት ቀን ሆኖ መታወጁ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ታሪካችን ይህ ነገር ደጋግሞ ደርሷል። ይኸው ንጉሥ የእመቤታችን በዓላት 33 ሆነው እንዲከበሩ ሥርዓት ያወጡ በመሆናቸው፣ በዓልን በዐዋጅ ከሚያበዙት ነገሥታት ሁሉ ቀዳሚው ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዓመታዊው በዓል ሌላ፣ ወር በገባ ቍጥር የሚመላለሰው በዓል አለ። ልደታ በ1፣ አቦ በ5፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ ተክለ ሃይማኖት በ24፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29 ይውላሉ። እነዚህን ሁሉ በእኩልነት የሚያከብር አጥቢያ የለም፤ ቢኖርማ ለዘርና ለአረም የሚተርፈው ቀን እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብር በመንበሩ ያለውን ታቦት አስቀድሞ፣ አባቶቹ በአንድ ክፉ ዘመን፣ በረዶ አዝመራውን ባጠፋበት ወይም ተስቦ ሰዉን በፈጀበት ጊዜ፣ ስለት የተሳሉበትን ቀን ጨምሮ የራሱን ሥርዓት አቆመ። ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር በገብርኤል ቀን ሲያርስ የወዲህኛው በሬዎቹን ፈትቶ ይውላል፤ በዓል ሽሮ ሲያርስ የተገኘውን ሰው የአጥቢያው ሽማግሎች ይገሥጹታል፣ በዚያው ሰሞን በረዶ የወረደ እንደ ሆነም ጥፋቱ በእርሱ ይመካኛል። ይህ ሁሉ በየትም መዝገብ አልተጻፈም፤ የአገሩ ሰው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል።

ከነዚህ የአጥቢያ በዓላት አንዳንዶቹ አጥቢያቸውን አልፈው የአገር በዓል ሆነዋል። መስከረም 21 ግማደ መስቀሉ ወዳለበት ወደ ግሸን አምባ፣ ኅዳር 21 ወደ አክሱም ጽዮን፣ ጥቅምት 5ና መጋቢት 5 ወደ ዝቋላ ተራራ የሚተመው ምእመን መንግሥት ዕረፍት ሰጠውም አልሰጠውም ከመንገዱ አይቀርም። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ሲነግሥ፣ የሐረርጌ እስላሞች ጭምር ስለታቸውን ይዘው ከክርስቲያኑ ጋር ወደ ኰረብታው ሲወጡ ማየት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነው።

ጥምቀት ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል፤ አንድ በዓል ከመንግሥቱ መቀመጫ ጋር እንዴት እንደሚዞር ከርሱ በላይ የሚያስረዳ የለምና። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1512 ዓ.ም. የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በሚከተለው ዓመት በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን ጥምቀት ሲጽፍ፣ ለበዓሉ ተብሎ ጕድጓድ ተቈፍሮ፣ ውስጡ በሳንቃ ተለብጦ፣ ውሃው በቦይ ተስቦ ገብቶበት፣ ንጉሡ በመጋረጃ ውስጥ ተቀምጠው ሲመለከቱ፣ መምህራቸው የነበሩ አንድ አረጋዊ ካህን እስከ ትከሻቸው ድረስ ከውሃው ውስጥ ቆመው በጥር ብርድ እየተንቀጠቀጡ ሕዝቡን ሲያጠምቁ ማየቱን ይነግረናል። የዚያ ዘመን መንግሥት በድንኳን የሚኖር፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚጓዝ ስለ ነበር በዓሉም ከድንኳኑ ጋር ይጓዝ ነበር ማለት ነው። ዐፄ ፋሲል ጐንደርን ካቀኑ በኋላ ግን ጥምቀት በድንጋይ የታነጸ፣ በዛፍ የተከበበ የራሱ መጠመቂያ አገኘ፤ እስከ ዛሬም ጐንደሬው ከጸሎቱ ፍጻሜ በኋላ ወደዚያ ውሃ ሲወረወር ይታያል። በአዲስ አበባ ጃን ሜዳ፣ በምንጃር ሸንኮራ የኢራንቡቲ ሜዳ፣ በባቱ የደንበል ሐይቅ ዳርቻ፣ እያንዳንዱ ሥፍራ የራሱን ወግ አበጅቷል፤ የገጠሩ አጥቢያ ደግሞ ከአቅራቢያው ወንዝ ወርዶ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጡትን ታቦታት ከአንድ ድንኳን አሳድሮ ያከብራል። የልደት በዓል እንዲሁ በላሊበላ ከሌላው አገር ሁሉ ይለያል፤ ዕለቱ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ስለሆነ፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዐለቱ ላይና ከሥሩ በሁለት ወገን ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ሕዝብ ድካሙን ይረሳል።

የአገሩ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በመስቀል ነው። በአዲስ አበባ ደመራው መስከረም 16 ማታ ሲለኰስ፣ በሰሜኑ አገር በጐንደርና በሌሎችም አድባራት የሚለኰሰው በ17 ንጋት ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ምሰሶው ወደ የት እንደ ወደቀ አይቶ የመጪውን ዓመት ነገር መተርጐም የቆየ ልማድ ነው። ይህ ግን ትንሹ ልዩነት ነው። አዋሽንና ጊቤን ተሻግሮ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው፣ መስቀል የአንድ ቀን በዓል መሆኑ ቀርቶ የዓመቱ ሁሉ ማሰሪያ ሆኖ ያገኘዋል።

ጉራጌው ለመስቀል የሚዘጋጀው ከዓመት እስከ ዓመት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ወንዶቹ በሬ ለመግዛት ገንዘብ እያዋጡ ያከማቻሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ በየሳምንቱ ከሚናጠው ቅቤ እያወጡ፣ ተራ በተራ ለአንዷ እየሰጡ፣ ለበዓሉ የሚበቃውን ያጠራቅማሉ። እንሰቱ አስቀድሞ ተፍቆ ቆጮው ይበስላል፤ የቤቱ ግድግዳ ይለሰናል፣ ምሰሶው ይታጠናል፣ የእንጨቱ ገበታና የቀንዱ ማንኪያ ይታጠባል። በመርካቶ የሚነግደው፣ በጅማ ወይም በናዝሬት ሱቅ ያለው፣ በድሮው ዘመን ሊስትሮ ሆኖ የጀመረው ልጅ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ይነጉዳል፤ በዚያ ሳምንት የመርካቶ ጸጥታ በዓሉን ለማያውቅ ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ከበሬው ዕርድ በፊት ባለው ቀን በቅቤ የራሰው የጐመን ክትፎ ይበላል፤ ያን ሴቶቹ አሰናድተው የሚያቀርቡት በመሆኑ እንደ እነርሱ በዓል ይቈጠራል፤ ሥጋውና ደመራው ከዚያ ይከተላሉ። የተጣላ ይታረቃል፤ አባትየው ልጆቹን በየተራ እየጠራ ይመርቃል፤ ያልመጣ ልጅ ቢኖር ድርሻው ተቀምጦ ይቈየዋል። በክስታኔ ዘንድ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ወጣቱ ከገበያው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚጫወትበትና የሚተጫጭበት አዳብና የተባለ በዓል ይቀጥላል። እስላሙ ጉራጌም የመስቀልን ሰሞን እንደ ቤተሰብ በዓል ያየዋል፤ ወደ አገሩ የሚወጣው ከክርስቲያኑ ወንድሙ ጋር በአንድ መኪና ነው።

እንዲህ ያለው አከባበር ከጉራጌ አልፎ በጋሞ፣ በጎፋ፣ በከምባታ፣ በሀዲያ፣ እስከ ከፋም ድረስ ይገኛል። ጋሞዎች ማስቃላ ይሉታል፤ ከምባታዎች መሳላ፤ ሀዲያዎች ያሆዴ። በጋሞ ደጋ አዲስ ያገቡ ሙሽሮች ጌጣቸውን ለብሰው፣ ፀጕራቸውን ቅቤ ቀብተው፣ በገበያው ውስጥ እየዞሩ ለሕዝቡ የሚታዩት በዚህ ሰሞን ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያምኑት በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የክርስቲያኑ መንግሥት ወደነዚህ አገሮች ሲዘልቅ ካህናትም አብረው ገብተው ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በተነሣው ታላቅ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በተከተለው የሕዝብ እንቅስቃሴ መንገዱ ሲቈረጥ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ፈረሱ፣ መጻሕፍቱ ጠፉ፣ ታቦቱን የሚያነግሥ ካህን ታጣ። በዓሉ ግን አልጠፋም። ከክረምት መውጣት፣ ከወንዝ መጕደል፣ ከከብት መስባትና ከቤተሰብ መገናኘት ጋር ተዋሕዶ፣ የካህን እጅ ሳይነካው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ኖረ። ቤተ ክርስቲያን በፈረሰችበት አገር በዓልዋ ተርፎ መገኘቱ የሕዝብ ትዝታ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ስለሚያስረዳ፣ በታሪካችን ውስጥ ከድንጋይ ሐውልት ያነሰ ምስክር አድርጌ አላየውም።

የወላይታው ጊፋታ ግን ምንም እንኳ በመስቀል ሰሞን ቢውል ሥሩ ሌላ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀኖች መካከል በሚውለው እሑድ የሚጀምር የወላይታ አዲስ ዓመት ነውና። አሮጌው ዓመት ከዕዳውና ከቂሙ ጋር ይሸኛል፤ ብድር ያለበት ሳይከፍል፣ የተጣላ ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው።

ሲዳማ የዓመቱን መግቢያ የሚያውቀው ከማንም ሳይበደር በገዛ ራሱ ጥበብ ነው። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ሌሊት ወደ ሰማይ እያንጋጠጡ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ይከታተላሉ፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ ተብለው የሚጠሩት አራት ቀኖች የሚያቆሙትን የሲዳማ ሳምንት ከሰማዩ ምልክት ጋር አገናኝተው የፍቼን ዕለት ለሽማግሎች ይነግራሉ፤ ሽማግሎቹም በገበያ ያሳውጃሉ። ስለዚህ ቀኑ እንደ ልደትና እንደ ጥምቀት አስቀድሞ ሊታተም አይችልም፤ ከሰማይ ተነቦ፣ በጕባኤ ተመክሮ፣ በአዋጅ ተነግሮ ነው የሚታወቀው። የበዓሉ ጥንተ ነገር ሲወሳ፣ ፍቼ የተባለች አንዲት ሴት ካገባች በኋላ በየዓመቱ ከእንሰትና ከወተት ከቅቤም የተሠራውን ቡርሳሜ ይዛ ወላጆችዋን ትጠይቅ፣ እነርሱም ለጎረቤት ያካፍሉት ነበር ይባላል። ዛሬም በዋዜማው ምሽት ቤተሰቡ በለምለም ቅጠል በተሠራው ሁሉቃ ሥር ያልፋል፤ ከአንድ ገበታ ቡርሳሜ ይበላል፤ በማግሥቱ በጫምባላላ ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መልካም ምኞታቸውን ይናገራሉ፣ ከብቶቹም ለምለም ሣር ወዳለበት ይለቀቃሉ፤ ከዚያም ሕዝቡ በጉዱማሌ አደባባይ ተሰብስቦ ቄጣላ ይጫወታል። በቀድሞዎቹ መንግሥታት የቀን መቍጠሪያ ለዚህ ሁሉ አንዲት ነጥብ እንኳ አልነበረችም። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲያገባው፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ ፍቼ በአገሩ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ሙሉ ክብሩን አገኘ።

በሰሜን የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 16 ሲፈታ የልጃገረዶች በዓል ይጀምራል። ልማዱ አንድ ነው፤ ልጃገረዶቹ ለምለሙን የአሸንዳ ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ፀጕራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው እየዞሩ ይዘፍናሉ። ስሙ ግን ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይለወጣል፤ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዐይኒ ዋሪ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ነው። ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም የወረደ ሰው በዚያው ወር በነሐሴ 13 የቡሄን ጅራፍና ሙልሙል እንጂ ይህን ያህል የሴቶች በዓል አያገኝም። በአንዱ አገር ነሐሴ የወንዶች ልጆች፣ በሌላው የልጃገረዶች የሆነበትን ምክንያት እስካሁን አጥጋቢ አድርጎ የነገረኝ ሊቅ የለም።

አሁን ወደ እስላሙ በዓል እመለሳለሁ፤ የመንግሥት መዝገብ ከሕዝቡ ምን ያህል ርቆ እንደ ነበር በግልጽ የሚታየው በዚህ ነውና። የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚሄድ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳቡ በክረምትም በበጋም ይውላሉ። በወሎ መውሊድ ከሁሉ ይልቅ የደመቀ ነው፤ በጀማ ንጉሥ የሚሰበሰበው ሕዝብ መንዙማውን እየተቀበለ ሌሊቱን ያነጋዋል። በነጋሽ የዓሹራ በዓል ይከበራል፤ በባሌ ድሬ ሼኽ ሑሴን ባላ ሆኖ የተቈረጠ በትር የያዙ መንገደኞች ከሩቅ አገር በእግራቸው ይመጣሉ። በሐረር የዓሹራ ሌሊት ለጅቦች በቅቤ የተሠራ ገንፎ ቀርቦላቸው አበላላቸው ለመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ከረመዳን በኋላ ስድስቱን የሸዋል ጾም የጾሙት ሰዎች ሲፈቱ ደግሞ ሹዋሊድ ይከበራል፣ ወጣቱም ሌሊቱን ሙሉ በዚክርና በጨዋታ ያሳልፋል። ይህ የሐረሪዎች በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲጻፍ ከግንቡ ውጭ የማይታወቀው ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ከእስላሙ በዓላት አንዱም የአገሪቱ ሕዝባዊ በዓል አልነበረም። የጅማው ነጋዴና የሐረሩ ተማሪ በዒድ ቀን ወይ ሥራውንና ትምህርቱን ትቶ መቅረት፣ ወይ በዓሉን ሽሮ መግባት ነበረበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው እጅግ ብዙ ሕዝብ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የበዓላት ነገር ነበር፤ ብዙ ክርስቲያኖችም በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከእስላሙ ወንድማቸው ጐን ቆመው ሄደዋል። ከአብዮቱ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በሕዝባዊ በዓልነት ታወቁ። ከደርግ ሥራዎች በብዙው የማዝን ብሆንም ይህኛው ግን ትክክለኛ ሥራ እንደ ነበር ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም፤ ሕዝቡ ለዘመናት ሲያከብራቸው የኖሩትን ቀኖች ከሌሎቹ እኩል አድርጎ ጻፋቸው እንጂ አዲስ በዓል አልፈጠረምና።

መንግሥታቱ በራሳቸው ፈቃድ የፈጠሯቸው በዓላት ዕጣቸው ሌላ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የልደታቸው ቀን ሐምሌ 16 እና የዘውዳቸው ቀን ጥቅምት 23 በሰንደቅ ዓላማና በሰልፍ ይከበሩ ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሁለቱም ወደ ተራ ቀንነት ተመለሱ። በምትካቸው መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሆኖ ከእንቍጣጣሽ ማግሥት ተተከለ፤ እርሱም ከመንግሥቱ ጋር አለፈ። የድሉ ቀን ነገር ደግሞ ከሁሉ ያሳዝናል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ስለሆነ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. በዚያው ዕለት ወደ ከተማቸው በገቡ ጊዜ የውርደቱ ቀን የድል ቀን ሆኖ ተለወጠ። ደርግ ግን የንጉሡን መግባት ላለማሰብ ሲል በዓሉን ከተማዋ ከጠላት እጅ ወደ ወጣችበት ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመጣው መንግሥት ዘመን ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በዚህ መካከል ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ የሰኩት አርበኞች አንድ ጊዜ በመጋቢት፣ አንድ ጊዜ በሚያዝያ ሲሰለፉ ኖሩ። የካቲት 23 የዐድዋ ቀን ብቻ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሳይናወጥ የተሻገረው፣ በአዲስ አበባ በምኒልክ ሐውልት ሥር፣ በዐድዋም በሶሎዳ ግርጌ የሚሰበሰበው ሕዝብ ከየትኛውም ቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚያስበው ስለሆነ ነው።

ዐዋጅ ያልነበረው በዓል ከሰው ልብ ሊቀር እንደማይችል ለማየት የከተማዋን የኅዳር 12ን ልማድ መመልከት ይበቃል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የገባው ወረርሽኝ የአዲስ አበባን ሰው ከፈጀ ወዲህ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውን ከደጁ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ያን በሽታ ያየ ሰው ዛሬ ባይኖርም ኅዳር በየዓመቱ ይታጠናል።

የኦሮሞው ኢሬቻም እንዲሁ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሕዝቡ ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር ወርዶ ዋቃን ያመሰግናል፤ በበጋው ድርቀት ደግሞ ወደ ተራራ ወጥቶ ዝናብ ይለምናል። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዛት ለዓይን የሚከብድ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከረዥም ዘመን በኋላ በዋዜማው ቅዳሜ በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔ መከበር ጀመረ። ቤተ እስራኤል ከአስተሥርዮ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት ስግድ ግን በአገሩ ሳለ ከጐንደር መንደሮች በቀር ብዙ ሰው አላወቀውም። ቄሶቹ በአምቦበር ኦሪቱን ይዘው እየጾሙ ወደ ተራራ ይወጡ፣ በግዕዝ ያነቡና ይሰግዱ፣ ከቀትር በኋላ ወርደው ይገድፉ ነበር። ሕዝቡ ወደ እስራኤል ከተሻገረ በኋላ በኢየሩሳሌም ኰረብታ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ያንኑ ቀጠሉ፤ የእስራኤል ምክር ቤትም በ2000 ዓ.ም. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። በጐንደር ተራራ ላይ ለብዙ መቶ ዓመት ሲከበር በተወለደበት አገር መዝገብ ያልተጻፈው በዓል በሌላ አገር ሕግ ውስጥ መገኘቱ ለእኛ ሊያሳስበን የሚገባ ነገር ነው።

ስለዚህ ሁሉ የምመኘው አንድ ሥራ አለ። ሁሉም በዓል በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የሚያስፈታ ይሁን አልልም፤ ይህ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ነገር ግን የቀን መቍጠሪያ የሚያሳትሙ ሰዎች ከቀዩ ቀለም ጐን የየአገሩን በዓል ስምና ሥፍራ ቢጨምሩ፣ በጎንደር የሚማረው ልጅ ጊፋታ መቼ እንደሚውል፣ በሶዶ የሚማረው ልጅ ሻደይ ምን እንደሆነ ከግድግዳው ያነብባል። ከዚህም ይልቅ የሚያስቸኵለው የአያንቶዎቹ ነገር ነው። የመስቀልን ዕለት ለማወቅ መጽሐፍ አለ፤ የፋሲካን ዕለት ለማውጣት ባሕረ ሐሳብን የሚያስተምሩ መምህራን በየገዳሙ አሉ፤ የፍቼን ዕለት የሚያወጣው ጥበብ ግን በጥቂት አረጋውያን ቃል ብቻ የሚኖር ስለሆነ፣ በሐዋሳ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች አዋቂዎቹ በሕይወት ሳሉ ከጐናቸው ተቀምጠው፣ የትኛውን ኮከብ በየትኛው ሌሊት እንደሚጠብቁ፣ ከጨረቃው ጋር እንዴት እንደሚያገናኙት፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ በምን ሥርዓት እንደሚወስኑ አንድ በአንድ ጠይቀው ሊጽፉት ይገባል።